ኑሮ እና ኖሮ

ሮቢት፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሳሊሀ፣

ሰላምታውን ከነሙሉ ማዕረጉ ልጽፈው ጀምሬ ነበር፤ ሕሉፍ ግን አይሱዙውን እህል ጭኖ አስነሥቶ «መምህር፣ ቶሎ በሉ እንጂ» እያለ ጥሩንባ ይነፋብኛል። ስለዚህ ባጭሩ፦ እኔ ደህና፣ እናትሽ ደህና፣ ማሽላው ደህና፣ ወገቤ እንደ ወትሮው።

የመሥሪያ ቤትሽ የኑሮ ጥናት ጥያቄዎች ደርሰውኛል። «ለሙከራ የሚጠይቅልኝ ከአጎቴ የተሻለ ሰው የት አገኛለሁ» ብለሽ ያሞካሸሽኝንም አንብቤያለሁ። ሥራ ሲገጥማችሁ አጎት ትዝ ይላችኋል። ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ያስተማረ ሰው በጡረታው «ረክተዋል ወይ» እያለ በየደጁ ሲዞር ሰው ምን እንደሚል አላሰብሽም። ይሁን፣ ዞርኩልሽ።

መጀመሪያ የሄድኩት ከአጥራችን ማዶ ወዳለው ወደ ፈንታው ነው። እንደ ጻፍሽው ቃል በቃል አነበብኩለት፦ «በአጠቃላይ ሲያስቡት በሕይወትዎ ምን ያህል ረክተዋል? ዜሮ ማለት ምንም አልረካሁም፣ አሥር ማለት ሙሉ በሙሉ ረክቻለሁ ነው።» ፈንታው አገጩን ይዞ አሰበና «የላይኛው ማሳ ረክቷል፤ የታችኛው ግን ጠለፋው ተሰብሮብን ጎርፉ ሳይደርሰው ቀረ» አለኝ። «ስለ ማሳው አይደለም፣ ስለ ሕይወትህ ነው» ብለው «ታዲያ ሕይወቴ ከየት ይመጣል?» አለኝ። ከተራራ የወረደ ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣ ሰው «ረካ» ሲባል የሚሰማው ውኃ ነው። እናንተ ቢሮ ሰው ይረካል፣ እኛ ዘንድ መሬት ነው የሚረካው። ከፈንታው በኋላ የጠየቅኳቸውም ሁሉ የክረምቱን ጎርፍ ታሪክ ነግረውኛል። ጽፌ ልኬልሻለሁ፣ ምናልባት ለግብርና ቢሮ ይጠቅም እንደሆነ።

አሁን ወደ ሌላው ነገር። አልነገርኳትም። «እኔ ሳልመጣ ለእናቴ እንዳይነገራት» ብለሽ ስለለመንሽኝ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ። ግን ሳሊሀ፣ ወንድምሽ ባሕር ላይ የቀረው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። መርዶ እንዲህ ሲከርም አላየሁም። ደም ግፊቷ ጨምሯል፣ ሐኪም ድንጋጤ ከልክሏታል ብለን አቆየነው፤ ማሽላው ይታጨድ ብለን አቆየነው። እህቴ ናት፣ በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ ከአንድ ሳህን እንበላለን። «ኡበይድ ደወለ ወይ?» ስትለኝ «ስልኩን ቀምተውት ይሆናል» እላታለሁ። እሷም «ይሆናል» ትላለች። ያን ጊዜ ፊቷን አላይም።

በስልክ ይህን አናንሳው። ስልኩ እሷ እጅ ነው፤ ኔትወርክ ብልጭ ባለ ቁጥር ጆሮዋ እዚያ ነው። በሕሉፍ እጅ ጻፊልኝ። መቼ እንደምትመጪም ጻፊልኝ።

አጎትሽ አላምረው


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሕሉፍ ባለፈው ሲመለስ ልሰጠው ጀምሬ ነበር፤ እየጀመርኩ እተወዋለሁ።

የፈንታውን መልስ ለአለቃዬ ለዶክተር ጌታሁን አነበብኩለት። ሳቀ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቁን አቆመና ቃሉን ሰረዘው። እዚህ ያሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም፣ አጎቴ። የሰው ኑሮ በገቢና በጎተራ ብቻ አይለካ፣ ራሱ ባለቤቱ ይጠየቅ ነው የሚሉት። እኔም አምኜበት ነው የገባሁበት። አሁን በመሰላል እንዲሆን ተስማምተናል። የታችኛው እርከን ሰው ሊኖረው ከሚችለው ኑሮ የከፋው ነው፤ የላይኛው የተሻለው። «እርስዎ የትኛው ላይ ቆመዋል?» ብቻ ነው የሚሏቸው። መሰላሉን መሬት ላይ በእንጨት ይሣሉላቸው።

እናቴን ግን አይጠይቋት። አደራ።

መቼ ትመጫለሽ አሉኝ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሥራውም አለ። ይህን ለሰው ሁሉ እላለሁ። ለእርስዎ ግን እውነቱን ልንገርዎት፦ መንገዱ ክፍት በነበረበት ሳምንትም አልመጣሁም። ያ ከኡበይድ ጋር ጀልባው ላይ የነበረው ልጅ ከጅቡቲ የደወለልኝ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው። «የኡበይድ እህት ነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። የሚለውን ሁሉ ሰማሁና «እሺ» አልኩት። እሺ ነው ያልኩት፣ አጎቴ። ታክሲው ሞልቶ ነበር፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ብርቱካን ትልጣለች። ወርጄ ቢሮ ገባሁ፣ ሥራዬን ሠራሁ። ለእርስዎም የነገርኩዎት በጽሑፍ ነው። እስከ ዛሬ «ሞቷል» የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

እናቴ ስትደውል እስቃለሁ። ልሳቅ ብዬ አይደለም፣ ሳቁ ቀድሞኝ ይወጣል። ፊት ለፊቷ ቆሜ ግን አልችለውም፤ በሩን ሳላልፍ ታውቅብኛለች። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ብትሆንብኝ፣ ኡበይድን ባሕር ወሰደው፣ እሷን እኔ ገደልኳት ማለት ነው። ማሽላው ይታጨድና እመጣለሁ።

ልጅዎ ሳሊሀ


ሮቢት፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሊሀ፣

ማሽላው ታጨደ።

መሰላልሽን ይዤ ቆቦ ድረስ ሄድኩ። ለተ ብርሃንን ታውቂያታለሽ፣ ዘይትና ስኳር የምትሸጠዋን፤ ሱቋ ደጃፍ ላይ ሣልኩላት። «መምህር፣ ከታች ነኝ ብል ፈጣሪን ማማት ነው፤ ከላይ ነኝ ብል ግብር ያመጣብኛል። ሰላም ናት ብለው ይለፉኝ» አለችኝ። የተቀረው ሰው ሁሉ፣ ሙስሊሙ «አልሃምዱሊላህ»፣ ክርስቲያኑ «ተመስገን» ይልና እንጨቱን ከእጄ ተቀብሎ የላይኛው እርከን ላይ ያሳርፈዋል። ያቺ በጦርነቱ ጊዜ ቤቷ የተቃጠለባት ራህመት እንኳ፣ ሰው ባዋጣላት ቆርቆሮ ሥር ተቀምጣ፣ እላይ ወጣች። «ራህመት፣ እዚህ ላይ እንዴት ወጣሽ?» ብላት «ደህና ነሽ ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ እኮ፤ ደህና አይደለሁም ይባላል እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥያቄያችሁ ሰላምታ ሆነብን። ሰላምታ ደግሞ መልሱ ምስጋና ነው፤ ሌላ መልስ አስተምሬም ተምሬም አላውቅም።

ቀጥሎ የምጽፈውን ተቀምጠሽ አንብቢው፣ ደግሞም አትቆጪ። እናትሽን አልጠየቅኳትም፣ እሷ ናት የያዘችኝ። «ጎረቤት ሁሉ ለልጄ ሥራ ሲጠየቅ እኔ ምን ጎድዬ ታለፍኩ?» ብላ ግቢው መሃል ቆመች። ሣልኩላት። ጎንበስ ብላ አየችውና ጫማዋን አውልቃ የላይኛውን እርከን በእግሯ ጣት ነካችው። «እዚህ ጻፈኝ» አለች።

«ራቢዓ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት።

«ልጇ መንገድ ላይ ያለ ሴት አታማርርም» አለች። «እናት ካማረረች ምሬቷ ቀድሞ ልጇ ላይ ይደርሳል።»

እኔ ያን ጻፍኩ። ልጇ መንገድ ላይ አለመኖሩን እያወቅኩ፣ እላይ ብዬ ጻፍኩላት። ከዚያ ከጎተራው ጀርባ ሄጄ ተቀመጥኩ። በኔ ዕድሜ ማልቀስ አያምርም፣ ግን አለቀስኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ።

ከእንግዲህ ምክንያት የለሽም። ነይና በአንድ ላይ እንንገራት። እኔ ለብቻዬ ደክሞኛል።

አላምረው


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

በይቅርታ አልጀምርም፤ ይቅርታዬ ረክሷል።

አልመጣሁም። ትኬት ቆርጬ መናኸሪያ ደርሼ ነበር። መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ሌላው ተሳፋሪ ሲያዝን እኔ ቅልል አለኝ። ይህን ለእርስዎ ካልጻፍኩት ለማን እጽፈዋለሁ?

የሙከራው ውጤት ቀረበ። ከየአገሩ የመጣው ተደምሮ ሲታይ በኑሮው ደስተኛ ሆኖ ከሁሉ በላይ የወጣው የእኛው የራያ ቆላ ነው። አንዱ ባልደረባዬ «እዚያ ቦታ ይመሩን እንደሆን እንጠይቅ» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ዶክተር ጌታሁን ብቻ አልሳቀም። «ሳሊሀ፣ አንቺ የዚያ አገር ልጅ ነሽ፤ ታምኚዋለሽ?» አለኝ። እናቴ እዚያ ውስጥ ናት፣ ከሌላው ሰው ጋር ተደምራ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆየሁና ውኃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

በዚያው ሳምንት እናቴ ኔትወርክ አግኝታ ደወለች። ስትመርቅ ያውቋታል፣ ዝም ብትባል እስከ መግሪብ ትመርቃለች። «ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ነገርሽን ያግራው፣ እንደ እኔ አያድርግሽ» አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው ነው፣ የሰው እናት ሁሉ የሚለው ነው። ያን ቀን ግን ገና አሁን የተባለ ሆኖ ተሰማኝ። ስለ ራሷ ስትጠየቅ እላይ ናት፤ ለእኔ ስትመርቅ ግን «እንደ እኔ አያድርግሽ» ትላለች። ለዶክተሩ ነገርኩት። መሰላሉንም ሰረዘውና «እንግዲያው እሱን ጠይቂያ» አለኝ።

ስለዚህ አዲሱ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የእርስዎን ኑሮ ለልጅዎ ይመኙለታል?» መሰላልም ቁጥርም የለውም። የሚሉትን እንዳሉት ይጻፉት።

በዚህኛው ግን፣ እግርዎ ላይ ወድቄ ነው የምለምንዎት፦ ብትቆጣም፣ ብታለቅስም እናቴን ይለፏት። «ልጅሽ» የሚለውን ቃል ፊቷ አያንሡብኝ።

ሳሊሀ


ሮቢት፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሊሀ፣

አዲሱን ጥያቄ ጠየቅኩ። ይሠራል፤ አብዝቶ ይሠራል። ፈንታው ሲያላግጥብኝ ውሎ፣ ጥያቄውን ሲሰማ ተነሥቶ ወደ በሬዎቹ ሄደ። ተመልሶ «ለጠላቴም» አለኝና ወሬ ቀየረ። ራህመት «በእኔ ይብቃ» አለች። ለተ ብርሃን ደግሞ «መምህር፣ ይሄን ማን ጠይቅ አለዎት?» ብላ መዝጊያዋን ዘጋችብኝ፣ በጠራራ ፀሐይ። ከእንግዲህ ማንንም አልጠይቅም፤ ለዶክተሩ እንደዚያ በይው። እነዚህ ነገም በሰላምታ የምንገናኝ ሰዎች ናቸው።

ስለ እናትሽ የጠየቅሽኝ፦ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትሰግዳለች፣ ዶሮዎቿን ትቆጣለች። ሌላም የምጽፈው ነበር፣ ግን ወረቀቱ አለቀ።

አላምረው


አዲስ አበባ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ወረቀቱ አላለቀም። ጀርባው ባዶ ነው፣ ገልብጬ አይቼዋለሁ።

ነገሯት? ጠየቋት? ትናንት ስትደውልልኝ ድምጿ እንደ ወትሮው ነው፣ የበግ ዋጋ ስትነግረኝ ቆየች። እኔም እየሳቅኩ ሰማኋት። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ያን የእርስዎን ወረቀት ሳገላብጥ አደርኩ። ምን እንደሆነ ይጻፉልኝ። ክፉም ቢሆን ይጻፉት።

ሳሊሀ


ሮቢት፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሊሀ፣

እሺ። ጀርባውንም ሞልቼ እጽፋለሁ።

አልነገርኳትም። ጠየቅኳት። አዎ፣ ቃሌን በላሁ። ጥላው ሥር ተቀምጣ ማሽላ ታበጥራለች፣ እኔ መቁጠሪያዬን ይዤ አጠገቧ ነኝ። «ያ ፈንታውን ያስነሣው ጥያቄ ምንድን ነው?» አለችኝ። አልነግርሽም አልኳት። «ከልጄ የመጣ ነገር ከእኔ ይሸሸጋል?» አለች። ያረቢ፣ እንዲህ ስትል ማን እምቢ ይላታል? አንቺም ብትሆኚ አትችዪም ነበር። «ራቢዓ፣ የአንቺን ኑሮ ለልጆችሽ ትመኚላቸዋለሽ?» አልኳት።

ማበጠሯን አላቆመችም። «ለሳሊሀ አልመኝም፣ አላህ ይጠብቃት» አለች። «ለኡበይድስ እመኝለት ነበር። እንደ እኔ ደህይቶም ቢሆን፣ እንደ እኔ ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ ቢኖርልኝ ኖሮ።»

እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፣ ሳሊሀ። «ቢመጣ» እና «ቢመጣ ኖሮ» የሚያምታታ ተማሪ ስንቱን በቀይ አስምሬበታለሁ። የመጀመሪያው ገና ሊመጣ ለሚችል ሰው ነው፤ ሁለተኛው ነገሩ ካለቀለት በኋላ ነው። «ኑሮ» ብዬ ጠየቅኳት፣ «ኖሮ» ብላ መለሰችልኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሷም ጆሮዋ ሰማው። ሰፌዱ ቆመ። ሻሿን ፈትታ መልሳ አሰረችውና «ይሄ ማሽላ ነቅዟል» አለችኝ። አልነቀዘም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። መስከረም ላይ ጎብዬ ገበያ ወርዳ በርበሬ ስትገዛ ሻጯ ዋጋውን ራሷ ቀነሰችላት፣ ሰፍራም ጨመረችላት። ጨው ላይም እንደዚያው ሆነ። ሽንኩርት ላይ ሆን ብላ የማይሆን ዋጋ ጠራች፤ ሰውየው ዓይኑን ሰበር አድርጎ «ይሁንልዎት፣ ይውሰዱት» አላት። «ገበያው ሙሉ አንድ ሰው አልተከራከረኝም» አለችኝ። «ጎብዬ ላይ ሰው የማይከራከረው ማንን ነው፣ አላምረው? ሐዘንተኛን ነው።» ለካ ወሬው በነጋዴ አፍ እኛን ቀድሞን ደርሷል። በርበሬዋን ይዛ ወደ ቤት ስትመጣ ልጇ መሞቱን አውቃ ነው የመጣችው። እኔ ደግሞ በር ላይ ተቀብያት ነበር። «ስልኩን ቀምተውት ይሆናል» ያልኳት ያን ቀን ነው፣ የመጀመሪያ ቀን። «ይሆናል» አለችኝ። አሁን ሳስበው ያዘነችው ለእኔ ነበር።

ያን ለት ልጽፍልሽ ያልቻልኩት እሷ ጊዜ ስጠኝ ስላለችኝ ነው። አሁን ራሷ ልጻፍላት ብላኛለች። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ቃሏን እንዳላቃናባት አስምላኛለች።

አላምረው


ሮቢት፣ ያው ዕለት

ልጄ ሳሊሀ፣

አብሽሪ፣ አልተቆጣሁም። አጎትሽንም አትቆጪው። እሱ ከእኔ ይበልጥ ከስቷል።

ለምን ዝም አልሽ ትይኛለሽ። መጀመሪያ ሰው ካልነገረኝ እውነት አይሆንም ብዬ ነው። ሞኝነት ነው፣ ግን እናት ሞኝ ናት። ቀጥሎ ደግሞ አንቺ ደወልሽና ሳቅሽ። ለእኔ ብለሽ እንደምትስቂ አውቄያለሁ፣ ያ የአንቺ ሳቅ አይደለም። ብነግርሽ ያንኑም የምትተዪብኝ መሰለኝ። ልጄ ቀርቶብኝ ሳሊሀም ዝም ካለችብኝ ምን ልሰማ ነው ብዬ የበግ ዋጋ፣ የጎረቤት ሰርግ አወራሁልሽ። አንቺ ለእኔ ስትሸሽጊ፣ እኔ ለአንቺ ስሸሽግ፣ ኡበይዴ በመሃል የሚያለቅስለት አጣ።

መርዶ ያልተነገራት እናት አታለቅስም፣ ልጄ። ሰው አይመጣላትም፣ ለልጇም ዱአ አይደረግለትም። እኔ ያለቀስኩት ማማ ላይ ወጥቼ ማሽላው ላይ ወፍ ስጠብቅ ነው። እዚያ የሚጮህን ሰው ምን ሆንሽ የሚለው የለም። ስሙን እየጠራሁ ስጮህ ፈንታው ከታች ሆኖ ወፍ የማባርር መስሎት «ጎሽ፣ አንድም እንዳታስቀሪ» ይለኝ ነበር። ማሽላው ከታጨደ ወዲህ የምጮህበት የለኝም። ሆዴ ውስጥ ነው ያለው። ሌሊት ሌሊት ያፍነኛል።

አጎትሽ መሰላል ሲሥልልኝ ልጇ መንገድ ላይ ያለ ሴት አታማርርም ያልኩት ትመጫለሽ ብዬ ስለምጠብቅሽ ስለ አንቺ ነበር። እሱ ግን ሌላ መሰለው።

እንግዲህ ጾሙ ሳይገባ ነይ። መንገድ ሲከፈት ጠብቂና ነይ። አጎትሽ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ መጥቶ ይንገርሽ ብሎኛል፤ እምቢ ብያለሁ። ከአንቺ በቀር ከማንም አፍ አልሰማም። አንቺ ይህን ቃል ካፍሽ አውጥተሽው አታውቂም አለኝ። ይዘሽው እንዳትታመሚብኝ እፈራለሁ፤ እኔስ ወፍ አባርሬያለሁ።

ስትመጪ ፊትሽን አታበጃጂ። ስቀሽ አትግቢ። ሰላምታም አታብዢ፣ ደህና ነሽ ወይም አትበይኝ። በሩን ዝጊና «እማ፣ ኡበይድ ሞቷል» በይኝ። እኔም ገና አሁን እንደሰማ ሰው እጮሃለሁ። ጎረቤት ይሰማል፣ ይመጣል። ጎረቤት እስኪደርስ ግን አንቺ ያዢኝ።

እናትሽ ራቢዓ